የጓሮ ጎመን በመጸው መጨረሻ፤ ስለ አቀጣጠፉ፣ ስለ አበሳሰሉና ስለ ዘሩ አጠባበቅ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ ዘወትር የሚጻፈው ከነገሥታቱ ዜና፣ ከጦር ሜዳውና ከግብሩ መዝገብ ነው። በነዚህ ጽሑፎች ውስጥ እህሉ፣ ማሩ፣ ሰንጋውና አሞሌው እየተቈጠሩ ይገኛሉ፤ ጎመን ግን እምብዛም አይታይም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጎመን ቅጠል በቁና አይሰፈርም፤ በጎተራ አይከተትም፤ በአህያ ተጭኖ ወደ ገዢው ግቢ ቢላክ ገና ከመንገድ ሳለ ይጠወልጋል። የማይከማች ነገር ለግብር አይመችም፤ ለግብር የማይመችም ነገር በመዝገብ አይጻፍም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ደጋ በየጎጆው ጓሮ የሚበቅለው ይህ ተክል ለብዙ ዘመን የቤተ ሰብ መቈያ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ ከታሪክ መጻሕፍት ይልቅ በተረትና በምሳሌ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል።

ምሳሌውም ቢሆን ከፍ ያለ ክብር አልሰጠውም። «ጎመን በጤና» የሚለው አነጋገር ጤናና ሰላም ካለ ጎመንም ይበቃል ማለት ነው፤ ይኸውም ጎመንን ከማዕድ ሁሉ ዝቅተኛው አድርጎ የሚቈጥር ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 15 ቍጥር 17 ላይ በፍቅር የሚበላውን የድኻ ማዕድ ከሰባው ፍሪዳ ጋር የሚያነጻጽረውን ቃል በጎመን ተርጕመውታል። የዕብራይስጡ ቃል በጠቅላላው ቅጠላ ቅጠልን የሚያመለክት ሲሆን፣ የአማርኛው አንባቢ ወዲያው እንዲረዳው ያደረገው የጎመን ስም ነው።

ሆኖም ነገሩ በጥሞና ሲመረመር የጎመን ታሪክ በተለይ የጥንቃቄና የመታቀብ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ይህም ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በመጸው መጨረሻ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቅጠል ሲቀጠፍ ነው።

ወራቱና ምንቸቱ

በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይቈያሉ። መጸውን ሕዝቡ ጥቢ ብሎ ይጠራዋል። በዚህ ወቅት ዝናቡ ያቈማል፤ ሜዳው በአበባ ይሸፈናል፤ አዝመራው ይበስላል፤ በመጨረሻውም ሌሊቱ እየቀዘቀዘ በከፍተኛው ደጋ ውርጭ ይወርዳል።

የጎመን ዕድሜ ከዚህ የወቅት አካሄድ ጋር የተሳሰረ ነው። በሰኔ የተዘራው በሐምሌ ለመነቀልና ለመቀጠፍ ይደርሳል። በግእዝ ቅጠላ ቅጠል ሐምል ይባላል፤ ትግርኛም ጎመንን ሓምሊ ይለዋል። ሐምሌ የሚለው የወር ስም ከዚሁ ቃል ጋር የሚዛመድ መሆኑን የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። ስሙም ለወሩ የተገባ ነው፤ በሐምሌ ጎተራው እየጐደለ፣ አዲሱ እህል ገና ቡቃያ ሆኖ ሳለ፣ በቤቱ አጠገብ ለምልሞ የሚገኘው ቅጠል ነውና።

በዘመን መለወጫና በመስቀል ሰሞን በብዙ የደጋ አገር «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ይህን ቃል የሚሰማ ሰው ጎመን እንደ ጠላት ከቤት የሚባረር ይመስለዋል። ነገር ግን የገንፎው ስም የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ጤፍ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ስለ ሆነ በመስከረም ገና አልደረሰም። በደጋው ከሌሎቹ ቀድሞ የሚደርሰው ገብስ ነው፤ ደራሽ ገብስ ክረምቱ ሲወጣ እሸቱ ይቀመሳል፣ ዱቄቱም ለገንፎ ይሆናል። እንግዲህ አነጋገሩ የእህሉን አደራረስ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ የገበሬ መዝገብ ነው ለማለት ይቻላል፤ ቅጠሉ ይወጣል፣ ገብሱ ይገባል፣ ጤፉ ገና ይጠበቃል።

ሌላው የአገሪቱ ክፍል ጎመንን የሚመለከትበት አኳኋን ከዚህ ይለያል። በጉራጌ አገር ጎመን ከእንሰቱ ጋር በቤቱ ዙሪያ ይተከላል። የመስቀል በዓል ሲከበርም ከብቱ ከመታረዱ አስቀድሞ የጎመን ክትፎ የሚበላበት ምሽት አለ። ቅጠሉ ደቅቆ ይከተፍና በቅቤና በአይብ ይቀርባል። በአንዱ አገር በመስቀል ሰሞን ውጣ የሚባለው ምንቸት በሌላው አገር በዚያው ሰሞን የበዓሉን ማዕድ ይከፍታል።

በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋም ቢሆን የተባረረው ምንቸት ብዙ ሳይቈይ ይመለሳል። ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ይገባል፤ እስከ ልደት ዋዜማ ድረስ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቍላል አይበላም። ጎመኑ ከጉልቻው ላይ ዳግመኛ ይጣዳል። ሁለቱ ጊዜያት ግን አንድ አይደሉም። በክረምት ጎመንን የሚያስበላው ችግር ነው፤ በኅዳር የሚያስበላው ሕግ ነው። በክረምት ቅጠሉ የጐደለውን እንጀራ ይተካል፤ በኅዳር ግን ከአዲሱ እህል እንጀራ ጋር ወጥ ሆኖ ይቀርባል።

ጓሮው

በሬ ጠምዶ ማረስና በማሳ ላይ ዘር መዝራት በደጋው ባህል የወንድ ሥራ ነው። የጓሮው አትክልት ግን በአብዛኛው በሴቲቱ እጅ ያለ ነው። ስፍራው ጠባብ ቢሆንም አፈሩ ከማሳው ይልቅ የወፈረ ነው፤ የምድጃው አመድ፣ የቤቱ ጥራጊና ከበረቱ የሚወጣው አዛባ ዓመት እስከ ዓመት የሚጣለው እዚያ ነው። ሩቁ ማሳ ይህን አያገኝም፤ እንጨት በጠፋበት አገር አዛባው ኩበት ሆኖ ይነዳልና። ጓሮውን ለማዘጋጀት በሬም ሞፈርም አያስፈልግም፤ ዶማና ሁለት እጅ ይበቃል። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ ክፉ ቀን በሚነገረው ውስጥ ትልቅ ዋጋ አለው።

ዘሩ ደቃቅ ስለ ሆነ በእጅ ይበተናል። ቡቃያው ችፍግ ብሎ ሲወጣ ትርፉ ከነሥሩ እየተነቀለ ለመጀመሪያው ወጥ ይሆናል፤ የቀረው ስፍራ እያገኘ ይሰፋል። ስለዚህ ማሳሳቱ ራሱ አንድ መከር ነው።

ይህ ተክል በእጽዋት ሊቃውንት ዘንድ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል። ስሙን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1841 ያወጣለት ጀርመናዊው አሌክሳንደር ብራውን ነው። የዘር ሐረጉ የተገለጠው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ናጋሃሩ ኡ የተባለው የጃፓን ተመራማሪ በ1935 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው ጥቁሩ ሰናፍጭ 16 ክሮሞሶም አለው፤ የአውሮፓው ጥቅል ጎመን ወገን 18 አለው፤ የኢትዮጵያ ጎመን ደግሞ የሁለቱ ድምር የሆነ 34 ይዞ ይገኛል። ይኸውም የኢትዮጵያ ጎመን ከሁለቱ መዳቀል የተገኘ ልጅ መሆኑን ያሳያል። ጥሬው ቅጠል ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገው ከሰናፍጭ በወረሰው ጠባይ ነው።

ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ልዩ ልዩ ዘሮችን ከሰበሰበ በኋላ ይህችን አገር ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። በውጭ አገር መጻሕፍት የቫቪሎቭ፣ የብራውንና የኡ ስም ይነገራል። ዘሩን በየዓመቱ እየመረጡ ለዚያ ቀን ያደረሱት የጓሮ ባለቤቶች ግን ስማቸው የተጻፈበት ስፍራ የለም።

የመጨረሻው ቅጠፋ

ጎመን ሲቀጠፍ የታችኛው ሰፊ ቅጠል ይቀድማል፤ አናቱ አይነካም። ተክሉ የሚያድገው ከአናቱ ስለ ሆነ፣ ይህ ከተጠበቀ አንዱ ግንድ ለብዙ ሳምንታት ቅጠል ይሰጣል። ሥራው ቀላል ቢመስልም መጠን ማወቅን ይጠይቃል። በአንድ ቀን ብዙ የቀጠፈ ሰው ተክሉን ያዳክመዋል፤ ፈጽሞ ያልቀጠፈም የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ በከንቱ ይወድቅበታል። ስለዚህ ዛሬ ከአንዱ መደዳ፣ ነገ ከሌላው እየተዘዋወሩ ይቀጥፋሉ።

ዝናቡ ካቈመ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። እርጥበቱ ከመሬት እየጐደለ ሲሄድ አዲሱ ቅጠል እያነሰና እየጠነከረ ይመጣል፤ ግንዱ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ቢጫ አበባም ያወጣል። ቅዝቃዜ ሲበረታ በጎመን ወገን ቅጠል ውስጥ ስኳር ስለሚበዛ የኅዳር ቅጠል ጥቂት ቢሆንም ጣዕሙ ይሻላል። ጾሙ የገባው፣ የአጫጆች ደቦ የሚበላውን የሚጠብቀው፣ ቅጠሉም የሚያልቀው በአንድ ጊዜ ነው።

የባለቤቲቱ ውሳኔ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ያለውን ሁሉ ብትቀጥፍ የጾሙ ምንቸት ይሞላል፤ የሚመጣው ሰኔ ግን ዘር የለውም። ስለዚህ ጥቂት ግንዶች ተለይተው ለዘር ይተዋሉ፤ ቤቱ የቱንም ያህል ወጥ ቢቸግረው ከነዚያ ላይ አይቀጠፍም። የትኛው ግንድ ይተው የሚለውም ዕውቀት ይጠይቃል። ቶሎ የሚያብብ ተክል ቅጠሉ ጥቂት ነው፤ ከእርሱ ዘር የወሰደ ሰው በሚመጣው ዓመት ጓሮው አበባ እንጂ ቅጠል አይሞላለትም። ቅጠሉ የሰፋውን፣ ግንዱ የጠነከረውንና አበባው የዘገየውን የተወ ሰው ግን ጓሮውን ያሻሽላል። የዘር ምርጫ ማለት ይህ ነው፤ በዘመናዊ የእርሻ ጣቢያ የሚደረገውም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ፍሬው የያዘው ቀጭን ቍርንጫፍ ሲደርቅ ሳይበተን ታጭዶ ይወቃል፤ በሰፌድ ተነፍቶ በቅል ወይም በጨርቅ ቋጠሮ ይቀመጣል። አንድ ጭብጥ ዘር አንድን ጓሮ ለመሸፈን ይበቃል። የተረፈው ጎመን ዘር ከቤት አይጣልም፤ ተወቅጦ እንጀራው እንዳይዝ ምጣድ ይታሰስበታል፤ ለሆድ ሕመምም ይጠጣል።

አበሳሰሉ

የቀድሞው አበሳሰል እጅግ ቀላል ነው። ወፍራሙ ግንድ ከቅጠሉ ይለያል፤ ቅጠሉ ይታጠባል፤ በሸክላ ምንቸት ይቀቀላል። ውሃው ሲደፋ የሰናፍጩ ቁንጠጣና ምሬት አብሮ ይወጣል። ከዚያም ቅጠሉ ተጨምቆ ይከተፋል፤ ጨው ገብቶበት እንደ ገና ይበስላል። በጾም የኑግ ዘይት፣ በፍስክ ቅቤ ይጨመርበታል። ኑግ ራሱ ከዱር ወደ እርሻ የገባው በኢትዮጵያ ስለ ሆነ፣ በኑግ ዘይት የተሠራ የጾም ጎመን በጤፍ እንጀራ ሲቀርብ ቅጠሉም ዘይቱም እንጀራውም የዚሁ አገር ተወላጆች ናቸው። ቃሪያው ብቻ እንግዳ ነው፤ የበርበሬ ወገን ሁሉ ከአሜሪካ ምድር የተገኘ በመሆኑ ወደዚህ ወጥ የገባው ከ1500 ወዲህ ባሉት ዘመናት ነው።

ጾሙ ሲፈታ ምንቸቱ አሁንም አይወጣም። በልደት በዓል ያው ቅጠል ከአጥንት ሥጋ ጋር ተቀቅሎ ጎመን በሥጋ ይሆናል። እንግዲህ በስድስት ወር ውስጥ አንዱ ተክል የችግር ማለፊያ፣ የጾም ወጥና የበዓል ምግብ ሆኖ ሦስት ጊዜ መልኩን ይለውጣል። ሰው ዝቅ አድርጎ የሚያየው በመጀመሪያው መልኩ ብቻ ነው።

ጓሮው ባዶ ሲሆን ደግሞ ከዱር የሚለቀም ቅጠል አለ። ሳማ ለጋ ሳለ በጥንቃቄ ተለቅሞ ሲቀቀል መለብለቡ ይጠፋና ወጥ ይሆናል። አሉማም እንዲሁ ይበላል። ዝናብ በሚያጥርበት በኮንሶ ደግሞ የጎመኑን ስፍራ የያዘው ዛፍ ነው፤ ሽፈራው በእርከኑና በቤቱ አጠገብ ተተክሎ ቅጠሉ በደረቁ ወራት ሳይቀር ይቀጠፋል። የደጋው ሰው ዘርን በመጠበቅ ያደረገውን የኮንሶ ሰው ዛፍን በመጠበቅ አድርጎታል።

ክፉ ቀን

የጓሮው ዋጋ እጅግ የተፈተነው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቈየው፣ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ በሚጠራው ጊዜ ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሪቱን በሬ ፈጀው፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ያን ጊዜ ዘር ያለውም ሰው ማረሻ የሚስብለት አጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡ በበሬ ፈንታ በእጁ እንዲቈፍር አርኣያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቈፈራቸው በታሪካቸው ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ቀን የያዙት መሣሪያ በየጓሮው ከቀድሞ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው ነው።

ነገሩን ከመጠን በላይ ማግነን አይገባም። ጎመን ብቻውን ነፍስ አያኖርም፤ ቅጠል የእህልን ጕልበት አይሰጥም። በዚያ ዘመን ቅጠልና ሥራሥር ሲበሉ ያለቁት ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ጎመን የሚያደርገው ጥቂቱን እህል ማብዛት ነው፤ አንድ እንጀራ ለሁለት ሰው እንዲበቃ ያደርጋል፤ እስከ ገብሱ እሸት ያሉትን ሳምንታት ያሳጥራል።

አንድ ነገር ግን ሊታሰብ ይገባል። በረኀብ ጊዜ የእህል ዘር ይበላል፤ ለዘር የተቀመጠ አንድ ቁና ገብስ ለተራበ ቤተ ሰብ የጥቂት ቀን ምግብ ነውና ፈተናው ከባድ ነው። አንድ ጭብጥ የጎመን ዘር ግን ለአንድ ሰው ጕርሻም አይሆንም። ዘሩ ከረኀብ ያመለጠው ትንሽ በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም ለማምለጥ አስቀድሞ መገኘት ነበረበት፤ ያ ዘር በቅሉ ውስጥ የተገኘው በቀደመው ኅዳር አንዲት ሴት ልጆቿ ወጥ ሲጠይቋት ጥቂት ግንዶችን ሳትነካ በመተዋ ነው።

ዘሩ ዛሬ

ዛሬ በከተማው ገበያ ቆስጣና ጥቅል ጎመን ከሐበሻው ጎመን ጎን ይሸጣሉ፤ ዘራቸውም ከሱቅ ይገዛል። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ጎመን ወደ ውጭ አገር ሄዷል። ከዘሩ የሚወጣው ዘይት ለአውሮፕላን ነዳጅ እንዲሆን ተጣርቶ፣ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በካናዳ አንድ የምርምር አውሮፕላን የተለመደው ነዳጅ ሳይቀላቀልበት በዚሁ ዘይት ነዳጅ ብቻ በርሯል። በየማጀቱ ምጣድ ሲያስስ የኖረው ዘር በሌላ አህጉር የአየር መንገድ ጉዳይ ሆነ።

ዘሩን ለመጠበቅ ሥራ ሳይደረግ አልቀረም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የእጽዋት ዘር ማእከል፣ ኋላም የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነው፣ የአገሪቱን ሰብሎች ዘር እየሰበሰበ በቀዝቃዛ ክፍል ያኖራል። ይህ ታላቅ አገልግሎት ነው። ነገር ግን በቀዝቃዛው ክፍል የሚቀመጠው ዘሩ ነው፤ የትኛው ግንድ ይቀጠፍ፣ የትኛው ይተው የሚለው ዕውቀት የሚገኘው ዛሬም በኅዳር ወር ወደ ጓሮ በሚወጡት ባልቴቶች ዘንድ ነው። ልጆቻቸው ዘር ከሱቅ በሚገዙበት ቤት ይህ ዕውቀት ከእነርሱ ጋር ያልፋል።

ስለዚህ የገጠሩን ሕዝብ ኑሮ የሚያጠኑ ሁሉ የነገሥታቱን ዜናና የርስቱን መዝገብ ሲመረምሩ ጓሮውንም እንዳይረሱ ያስፈልጋል። የቅጠሉን ስሞች በየአገሩ ቋንቋ፣ የአቀጣጠፉን ተራ፣ ለዘር የሚተወው ግንድ የሚታወቅበትን ምልክትና የሚቀመጥበትን ዕቃ ከባለ ዕውቀቶቹ አፍ መጻፍ የሚቻለው እነርሱ በሕይወት ሳሉ ነው። ለዚህም የተመቸው ወራት ኅዳርና ታኅሣሥ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግንዶች ቢጫ አበባቸውን ይዘው ሳይነኩ በጓሮው የሚታዩት ያን ጊዜ ነውና።